በጎንደር በትንሽ ብር ደንበኛ ማብዛት፦ ለአነስተኛ ንግድ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው እቃው መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ባነር ያሠራል። ፒያሳ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ፀሐይ የበላቸውን፣ ስልክ ቁጥራቸው የማይነበብ ባነሮች ያያል፤ ከነሱ ስንቱ ዛሬም በሩ ክፍት እንደሆነ እንጃ። ባነር አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ተራው ገና ነው ማለቴ ነው። ብር ሲያጥር የመጀመሪያው ወጪ መውጣት ያለበት አንዴ ገዝቶ ለሄደው ሰው ነው። እሱ ከተመለሰና ለጎረቤቱ ከነገረ፣ ሱቁን ጨርሶ የማያውቀውን ሕዝብ መቀስቀስ በኋላ ይደረሳል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንዲት የባልትና ሱቅ ይዘን እንሂድ። ባለቤቷ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይታለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ እያዘጋጀች ትሸጣለች፤ ለማስታወቂያ ያላት በወር ከጥቂት መቶ ብር አይበልጥም። ልብስ ሰፊም ሁኑ ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤትም ይኑራችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ እቃውንና ቁጥሩን ወደ ራሳችሁ ቀይሩት።

1. ደብተር ያዙ፣ አንድ ጥያቄም ልመዱ

አንድ ባለ መስመር ደብተር ግዙና አራት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ስልክ፣ ምን ገዛ፣ ከየት ሰማ። ሒሳብ ተከፍሎ ፌስታሉ ሲታሰር እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ማን ነገረዎት ስለ እኛ?» ይህ ጥያቄ ከመሸጡ በፊት ከተጠየቀ ምርመራ ይመስላል፤ ከተሸጠ በኋላ ግን ወሬ ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ይመልሳል። ስልካቸውን ደግሞ ምክንያት ሰጥታችሁ ጠይቁ፦ «አዲስ ሽሮ ሲፈጭ ልደውልልዎት?» እምቢ ያለን አትጎትጉቱ።

ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደብተሩ የማትጠብቁትን ይነግራችኋል። በየቀኑ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ነጋዴ ገዢው በሙሉ «እህቴ ነገረችኝ» ሲል ያገኘዋል። አንዳንዱ ነጋዴም ሰው ሁሉ የመጣው በሩ ላይ የሚቆላ ነገር ሸትቶት እንደሆነ ይረዳል። የሚቀጥለው ሁሉ በዚህ ደብተር ላይ የቆመ ስለሆነ ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

2. አንድ ደንበኛ ስንት ብር እንደሆነ አስሉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል፤ እኔ ግን ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚሁ ነው። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለሒሳቡ እንዲመቹ የተያዙ ናቸው፤ የገበያውን ዋጋ እናንተ አስገቡ።

አንድ ኪሎ በርበሬ ከነማስፈጫውና ከነማሸጊያው 500 ብር አውጥቶ በ600 ይሸጣል እንበል። ትርፉ 100 ብር ነው። አንዲት እናት በሁለት ወር አንዴ ሁለት ኪሎ ብትወስድ በዓመት 12 ኪሎ ይሆናል፤ ከእሷ የሚገኘው ትርፍ 1,200 ብር ነው። ዛሬ በሩ ላይ የቆመችው ሴት የ200 ብር ትርፍ ሳትሆን የ1,200 ብር ናት ማለት ነው።

አሁን ሁለት ወጪዎችን አወዳድሩ። ባነሩ 3,000 ብር ቢፈጅ፣ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 30 ኪሎ ተጨማሪ በርበሬ መሸጥ አለበት፤ 30ው ኪሎ በባነሩ ምክንያት መሸጡንም የምታውቁበት መንገድ የለም። በሌላ በኩል 50 ግራም በርበሬ በትንሽ ላስቲክ አሽጋችሁ ለቅምሻ ብትሰጡ፣ በርበሬው 25 ብር፣ ማሸጊያው 3 ብር ቢሆን አንዱ 28 ብር ነው። መቶ ሰው ጋ ቢደርስ 2,800 ብር። ከመቶው አሥሩ ብቻ ቋሚ ደንበኛ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው የተገኙት በ280 ብር ነው፤ የሚመልሱት ደግሞ በዓመት 1,200። ቅምሻውን አንድ ቀን መቶውንም መበተን የለባችሁም፤ በሳምንት አሥር አሥር እያላችሁ ስጡና የተመለሰውን ከደብተሩ ላይ ቁጠሩ።

ስለ ቅናሽም በዚሁ ሒሳብ እንነጋገር። «10 በመቶ ቅናሽ» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ቀላል ይመስላል። ከ600 ብር 10 በመቶ 60 ብር ነው፤ ከ100 ብር ትርፍ ላይ 60ው ሄደ፣ 40 ቀረ። ድሮ በ10 ኪሎ ታገኙት የነበረውን 1,000 ብር ለማግኘት አሁን 25 ኪሎ መሸጥ አለባችሁ። ቅናሹ ሲያበቃ ደግሞ ሰው «ጨመሩ» ይላችኋል። ምርቃት ይሻላል። ሁለት ኪሎ በርበሬ ለገዛች ሴት 50 ግራም ሽሮ ብትመርቁላት፣ ሽሮው ኪሎው 400 ብር ቢያስወጣችሁ የሄደው 20 ብር ነው፤ በቅናሹ ግን በሁለት ኪሎ 120 ብር ይሄድ ነበር። ከዚህም በላይ በርበሬ ብቻ ልትገዛ የመጣችው ሴት ሽሯችሁን ቀምሳ ታውቀዋለች። ሻጭ ሁሉ የሚመርቀው ያንኑ የተገዛውን እቃ ነው፤ እናንተ ገና ያልገዛችውን መርቁላት።

3. ባጃጅ ነጂ የሚያውቀው አድራሻ

ጎንደር ላይ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የሚፈልግ ሰው አላውቅም። አድራሻ ማለት «ከእንትን ፊት ለፊት፣ ከእንትን አለፍ ብሎ» ነው። ስለዚህ አድራሻችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ለማያውቋችሁ ሁለት ሦስት ባጃጅ ነጂዎች አንብቡላቸው። «የት ጋ ነው እሱ?» ብለው ከጠየቁ አድራሻው አልሠራም፣ ቀይሩት። ሲቀየርም ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሂድ፦ መጀመሪያ ሰፈሩ፣ ቀጥሎ ሁሉ የሚያውቀው ቦታ፣ መጨረሻ ላይ የበሩ ቀለም ወይም ፎቁ። የተስማማችሁበትን ዓረፍተ ነገር ታፔላው ላይ፣ ማሸጊያው ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ በስልክ ስትናገሩም ሳትለዋውጡ ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ ጉግል ካርታ ላይ ሱቁን አስመዝግቡ። ነፃ ነው። በጂሜይል አድራሻችሁ ገብታችሁ የንግዱን ስም፣ ዓይነቱን፣ ስልኩንና የሥራ ሰዓቱን ትሞላላችሁ፤ ነጥቧን በሩ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ጉግል የናንተ መሆኑን እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ የሱቁን ውጪና ውስጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ታፔላ ከሌለ አስቀድማችሁ ስሙን በር ላይ ጻፉ። ስሙን በአማርኛም በላቲን ፊደልም አስገቡ። በሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፦ ካርታው የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት የሚከፍት ሱቅ «2» ብሎ ቢሞላ በሌሊት የሚከፍት ሆኖ ይታያል።

የዋጋ ዝርዝር በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ እንዲገለጥ ያስገድዳል፤ ግን ሕግ ባይኖርም ይጠቅማል። ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፤ አይቶ ሳይገባ ያልፋል።

4. ማሸጊያው ራሱ ይናገር

ከሱቁ የወጣ አንድ ኪሎ በርበሬ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ባሕር ዳር ላለ ልጅ ይላካል፣ በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ ይሄዳል። ላስቲኩ ላይ ምንም ካልተጻፈ «የት ነው የተገዛው?» ለሚል ሰው መልስ የለም።

ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ባለ ቀለም ማሸጊያ በሺህ ማዘዝ አያስፈልግም። የሱቁ ስም፣ አድራሻና ስልክ ያለበት የጎማ ማህተም አስቀርጹ፤ አንዴ የተከፈለበት ለዓመታት ይሠራል። ማህተሙን ግን በቀጥታ ላስቲክ ላይ አትምቱ። የማህተም ቀለም ላስቲክ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ በርበሬ የነካ ጣት ሲያርፍበት ስልኩ ሰማያዊ ጭቃ ይሆናል። ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ምቱት፣ ሲደርቅ ላስቲኩ ላይ ለጥፉት። ከሥሩ በእጃችሁ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የተፈጨበት ቀንና ምን ምን እንደገባበት። «ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ያየች እናት ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ይሆን የሚለው ስጋቷ ይቀንሳል። ስለ በርበሬ የሚወራውን ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ ዝም ማለት አያዋጣም።

5. የጎንደርን ዓመት በወረቀት ላይ ዘርጉት

በትንሽ ብር የሚነግድ ሰው ፍላጎት አይፈጥርም፤ ፍላጎቱ ራሱ የሚመጣበትን ሳምንት አውቆ ቀድሞ ይቆማል። እዚህ ላይ ጎንደር ከብዙ ከተማ ትሻላለች።

ከጥምቀት እንጀምር። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። የኢትዮጵያ ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ሄዷል። ታዲያ ብዙ ነጋዴ በዚያ ግርግር መሐል ወረቀት ይበትናል፤ ወረቀቱም መንገድ ላይ ይረገጣል። ያን ቀን ሰው የመጣው ለበዓሉ ነው። ለባልትና ሱቅ ቁልፉ ሌላ ነው። ከውጭ የመጣው ልጅ ሻንጣው ውስጥ የሚገባውን በርበሬና ሽሮ የሚመርጠው እሱ አይደለም፤ እናቱ ወይም አክስቱ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጎንደር ናቸው። ስለዚህ መልእክቱ ለእናቶቹ ይሂድ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፦ «እንግዳ አለብዎት? ለመንገድ የሚሆን፣ በድርብ ላስቲክ የታሸገ፣ በኪሎ በኪሎ የተለየ እናዘጋጃለን።» ሽያጩ የሚበዛው ከጥር 12 በኋላ፣ ሰው መመለስ ሲጀምር ነው። እቃው ያን ጊዜ እንዳያልቅ።

ጥር የሠርግም ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንደገና ይደራል። በሠርግ ቤት የትኛው በርበሬ እንደሚገዛ ብዙ ጊዜ የምትወስነው ሙሽራዋም እናቷም አይደሉም፤ ወጥ ሠሪዋ ናት። «ይኼ አይሆንም፣ ከእንትና ቤት አምጡ» ካለች አለቀ። በሰፈራችሁ ያሉትን የታወቁ ወጥ ሠሪዎች ፈልጉ፤ ግማሽ ኪሎ ይዛችሁ ሂዱና «እማማ፣ ሠርተው ይዩትና ጉድለቱን ይንገሩኝ» በሉ። የሚነግሯችሁ ነገር በገንዘብ የማይገኝ ምክር ነው። በድብቅ ኮሚሽን መስጠት ውስጥ ግን ባትገቡ እመክራለሁ፤ ደጋሾቹ ሲሰሙ ስማችሁ ከወጥ ሠሪዋ ጋር አብሮ ይነሳል።

የጾሙን ወቅት ሁሉ ያውቀዋል፦ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠሩ። ሽሮ የሚፈለገው ጾሙ ሲገባ ነው፤ የሚታዘዘው ግን በቅበላው ሳምንት ነው፣ መልእክታችሁም በዚያ ሳምንት መድረስ አለበት። ሙስሊም ደንበኞቻችሁንም አትርሱ፤ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በየዓመቱ አዲስ ማስላት ይፈልጋል። በ2018 ሁዳዴና ረመዳን በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ ያን ዓመት ለሁለቱም ያልተዘጋጀ ባልትና ቤት ሁለቱንም አጥቷል።

ዩኒቨርሲቲውም የራሱ ዓመት አለው። በ1947 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል የሚባሉ ግቢዎች አሉት፤ ተማሪ ሲገባ፣ ሲፈተንና ሲመረቅ የሚገዛው ይለያያል። ባልትና ቤት በሶና ቆሎ በትንንሹ አሽጎ ለገቢ ተማሪ ያቀርባል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን እንዴት እንደሚሯሯጡ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

6. ቴሌግራም፣ ከሌላው ሁሉ በፊት

አምስት ቦታ አካውንት ከፍቶ አምስቱንም ከማድረቅ አንዱን በደንብ መያዝ ይሻላል። ለቋሚ ደንበኛ ቴሌግራም ይመቻል።

ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ፤ ግሩፕ ውስጥ ማንም የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፍበታል። ቻናሉ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ የሚጠራበት አጭር ስም ያውጡለት፣ ያን ስም ማሸጊያው ላይ ጻፉት። የመጀመሪያው ልጥፍ የዋጋ ዝርዝር፣ ያ የተስማማችሁበት የአድራሻ ዓረፍተ ነገር፣ ስልክና የቴሌብር ቁጥር ይሁን፤ እሱን ከላይ ስኩት። ከስልካችሁ ላይ ሰዎችን መጨመር ይቻላል፤ ፈቃዳቸውን ሳትጠይቁ ግን አታድርጉት።

በሳምንት ሁለት ልጥፍ ይበቃል። ሥራ ላይ ስትሆኑ እንዳትረሱት አስቀድማችሁ ጻፉና የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ የሚላክበትን ቀንና ሰዓት እንድትመርጡ ያደርጋችኋል። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሰው ስልኩን የሚይዝበት ጊዜ ስለሆነ በዚያ ጀምሩ፤ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ግርጌ ያለውን የተመልካች ቁጥር እያያችሁ አስተካክሉ።

ለፎቶ ውድ ስልክ አያስፈልግም፣ ብርሃን እንጂ። ጠዋት በሩን ክፈቱና እቃውን ደጃፉ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ አስቀምጡ፤ በርበሬው በነጭ ሳህን ላይ ይሁን። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ፤ በፍላሽ የተነሳ በርበሬ ጡብ ይመስላል። በእጅ የተዘገነ፣ በጣት መሐል የሚፈስ ሽሮ ከታሸገው ይልቅ ዓይን ይይዛል፤ ልመቱን ያሳያልና።

ጽሑፉም አጭር ይሁን፦ «ዛሬ የተፈጨ የምጥን ሽሮ። ኪሎው ይህን ያህል ብር። ነገ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን።» ዋጋ ጠይቆ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚባል መልስ ማግኘት የሚወድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ዋጋውን ጻፉት። የሚወደድበት ሰው ቢኖር ቀድሞ ማወቁ ለሁለታችሁም ይበጃል።

ቲክቶክ አዲስ ሰው ለማምጣት ይጠቅማል፤ በርበሬ ሲቀነጠብ ወይም ሽሮ ሲቆላ የሚያሳይ የ20 ሴኮንድ ቪዲዮ፣ ከነድምፁ፣ ከጭፈራ ይበልጣል። የደንበኛ ፊት ከገባ ፈቃድ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ በክፍያ ማስተዋወቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚፈልግ ብዙዎች ደላላ እንዲከፍልላቸው ያደርጋሉ፤ ለትንሽ ሱቅ ገና ነው፣ የገጻችሁንም የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ።

7. ኔትወርክ የሌለበት ቀን

ነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ደንበኛቸው በሙሉ ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰዎች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ደብተሩ ላይ ያለው የስልክ ቁጥር ለዚህ ነው። በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሌላ ቅጂም ቤት አስቀምጡ።

በአጭር መልእክት ስትጽፉ አንድ ነገር እወቁ፦ በላቲን ፊደል አንዱ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ የሁለት መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «የጾም ሽሮ ሐሙስ ይፈጫል። ስንት ኪሎ ላስቀምጥልዎ?» ይበቃል፤ ቁጥራችሁን ቀድመው ከመዘገቡት ማን እንደላከው ያውቃሉ። ጥያቄ ስለሆነ ደግሞ መልስ ይመጣል፣ መልሱ ትዕዛዝ ነው፤ ምን ያህል እንደምታስፈጩ ሳትገምቱ ታውቃላችሁ። ገንዘቡ አጥሮ ለሚሠራ ሰው ይህ ከማስታወቂያም በላይ ነው።

ለትልልቅ እናቶች ግን አትጻፉ፣ ደውሉ።

8. እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። በሐዘን ቤት ወይም በማኅበር ላይ ተነስቶ ስለ ሱቅ ማውራት ነውር ነው፤ ሰው አፍ አውጥቶ ባይናገርም ይይዝባችኋል። እድሩ ለለቅሶ ቤት ሽሮና በርበሬ የሚገዛ ከሆነ ግዢውን የያዘውን ሰው ለብቻው፣ በሥራ ቀን አናግሩት፤ በጅምላ ዋጋ እንደምታቀርቡና በድንገት ሌሊት ቢጠራም እንደምትከፍቱ ንገሩት። ለለቅሶ ቤት የሌሊት አቅርቦት ከዋጋ ይበልጣል። እቁብ ውስጥ ደግሞ ወሬው ራሱ ስለ ንግድ ስለሆነ ነፃነት አለ።

9. በሦስት ወር አንዴ ደብተሩን ቁጠሩ

«ከየት ሰማ» የሚለውን ዓምድ በጭረት ደምሩ፦ ጎረቤት፣ ወጥ ሠሪ፣ ቴሌግራም፣ ካርታ፣ በመንገድ ሲያልፍ። ከአንዱ መንገድ ማንም ካልመጣ ያን ሥራ አቁሙና ጊዜውን ብዙ ላመጣው አውሉት። «በመንገድ ሲያልፍ» ከበዛ ታፔላና ባነር የሚያዋጣችሁ ሰው ናችሁ፤ አሁን አሠሩት። ከበራችሁ ውጪ የሚሰቀል ከሆነ ግን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ፈቃድ ይጠይቃልና ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ከተማ አስተዳደሩ ሂዱ፤ የወረደ ባነር ብሩን ማንም አይመልስም።

ቀጥሎ አንዴ ገዝተው ያልተመለሱትን ስሞች አውጡና በቀን ሦስት አራቱን ደውሉላቸው። «እንደምን ሰነበቱ፣ ሽሮው እንዴት ሆነልዎ?» ከማለት ሌላ ምንም አትጨምሩ፣ ግዙም አትበሉ። «ጨው በዝቶበታል» ካሉ አመስግኑና ጻፉት፤ ከሁለት ሦስት ሰው ተመሳሳይ ነገር ከሰማችሁ የሚቀጥለውን ሽሮ ከማስፈጨታችሁ በፊት ጨውን ቀንሱ። ካስተካከላችሁም በኋላ ለነዚያው ሰዎች 50 ግራም ላኩላቸው።